ወራጅ ውሃ

“እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል በሕግ አምላክ” —
ይህን ያለ አላየም የኮሎራዶን ልክ።
ውሃው ማንንም ሳይሰማ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
ሕጉ ነው ቀጥ የሚለው፣ መሐል ድልድይ፣ እንደ ግንድ።

ወዲህ አሪዞና ነው፤ ስልክህን መቅዳት ስትሻ
ያንተው ፈቃድ ይበቃሃል፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ።
ወዲያ ካሊፎርኒያ ነው፤ የሚያወራህ ሰው ካልፈቀደ
ያው ጣትህ፣ ያው አዝራርህ፣ ወደ ወንጀል ተራመደ።

ዊላዲን ክራብትሪ ታውቀዋለች። ሃምሳ ስምንት ነው ዓመቷ፣
ከአርካንሶ ነው የመጣችው፣ የበረደ ዶሮ ነው ጭነቷ፤
ስልኳን ከዳሽቦርዱ ላይ በወፍራም ላስቲክ አስራ
(በእጅ መያዝ ለሾፌር ክልክል ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ኪሳራ)።

ድሬክስል ከስምሪት ክፍል ደወለ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፦
“አሥራ አንድ ሰዓት ነዳሁ አትበይኝ፤ ሰው ሰዓት ቆጥሮ አይጸድቅ።
ጭነቱ ነገ ጠዋት ይራገፍ። ካልቻልሽ፣ በይ ቁልፉን
ለሚችል ሰው ስጪና አንቺ ጥገቢው እንቅልፉን።”

ቀዩ ነጥብ ብልጭ ይላል። ትቀዳለች።
አምና ባልደረባዋ ሎኒ ተባሮ ነበር ባለመቅዳቱ፤
“ማን አዘዘህ?” ሲሉት ያቀረበው እማኝ
የገዛ ጆሮው ነበር። እሱም ሁለቱ።

ከዚያ ግንዱ ደረሰ። የድልድዩ መጋጠሚያ ከፊት ጎማ ሥር “ጓ” ሲል
ጉሮሮዋን ጠረገች። “ድሬክስል፣
እየቀዳሁህ ነው።”
                         ዝም።
የነፋስ ድምፅ። የሞተር።
ሩቅ ቢሮ ውስጥ የወንበር ሲጥጥታ።
ከዚያ በዚያው ጉሮሮ ሌላ ሰው መጣ፣ ማር የተቀባ፣ ለስላሳ፦
“እንደ ሕጉ አድርጊ እንጂ እመቤቴ፤ ያለ ዕረፍት ንጂ የሚል ነገር ማን አነሳ?”
ድልድዩ አለቀ።
ድሬክስልን አንድ ዐረፍተ ነገር በስልክ አጠመቀ።

ከብላይዝ ወዲያ፣ በረሃው ሲጨልም፣ ከኋላዋ ቀይና ሰማያዊ በራ።
እጆቿን መሪው ላይ አኖረች፣ አሥሩም ጣት እንዲቆጠር በተራ።
ልጅ እግር ፖሊስ ነው፤ ደረቱ ላይ “ኦቾዋ” ይላል፤ ጺሙን መላጨት ገና የለመደ፤
“ያንን ስልክ አጥፊው” አለ። የባትሪው ብርሃን ከቃሉ ቀድሞ ዓይኗ ላይ ወረደ።

“ጌታዬ፣ እጄ መሪው ላይ ነው፤ ሥራዎን አልከለከልኩም።
አደባባይ ላይ የቆመ ፖሊስን መቅዳት መብቴ ነው፤ ስልኩንም አልደበቅኩም።”
ቃሉን ሸምድዳው ነበር፣ ከአንድ ጡረተኛ ጠበቃ፣ ከነዳጅ ማደያ ጠረጴዛ፣
ናፕኪን ላይ ጽፎላት፤ የፖም ኬክ ነበር ዋጋው፣ የሕግ ምክር እንዲህ ሲገዛ።
የሕግ አምላክን አልጠራችም።
ናፕኪኑን ነው የጠራች።

ልጁ ስልኩን አየ፣ ስልኩም ልጁን አየ።
አንድ ጭነት መኪና አልፎ ሁሉን እስኪያነቃንቅ፣ ጊዜው ቆየ።
ከዚያ ዞረ። ጎማ በእግሩ ነካ፣ መብራት ቆጠረ፣ ተመለሰ፦
“የኋላ ግራ መብራትሽ ጠፍቷል” አላት፤ ማስጠንቀቂያ ቀደደ፤ ድምፁን ቀነሰ፦
“በደህና ግቢ፣ እናቴ።”

ሌሊት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ከጀርባዋ ሲያንኮራፋ
ከአልጋዋ ጠርዝ ሆና አደመጠችው፣ መቀዳቱን ልታጣራ፣ እንዳይጠፋ።
እሱን ስትፈልግ ራሷን አገኘች፤ “ጌታዬ፣ ጌታዬ” ስትል፣
በአራት ደቂቃ አሥራ ሰባት ጊዜ፣ ድምጿ እንደ ላላ ብሎን ቅጭልጭል።
መብቷን የተናገረችው በዚህ ድምፅ ነበር? በዚህ?
የልጁም ትንፋሽ ይሰማል፤ ቁርጥ፣ ቁርጥ። እሱም ፈርቶ ነበር እንዴ፣ እንዲህ?

ማጥፊያው ላይ ጣቷን አሳረፈች። አላጠፋችም።
“ሐሙስ፤ ድልድይ፤ ኦቾዋ” ብላ ሰየመችው፤ ሌላ አልጻፈችም።
መጋረጃዋን ሳበች።
ነገ መጀመሪያ አምፖል ትገዛለች። የኋላ፣ የግራ።