ቀላል ቤት

ቢቸና፣ ከገበያው በላይ፣ ዋልካው ስንጥቅ ባለበት፣
ስስ ብረት አቆም ነበር፣ የወላዶች ማቆያ ቤት።
አያ ሽባባው መጡና፣ ከዘራቸውን ተክለው፣
«ልጄ፣ ቤት እንዴት ይቀላል?» አሉኝ ሽቅብ አስተውለው።

«ቀላል ሰው አውቃለሁ፣ ቃሉ ሜዳ የሚቀር፣
ቀላል እህል አውቃለሁ፣ በነፋስ የሚበር፣
ቀላል ቤት ግን…» ብለው በከዘራ ኳ አረጉት፣
ላሜራው ጮኸ። «ባዶ ነው» ብለው ተዉት።

የሳቸውን ግንብ አውቀዋለሁ፤ አባታቸው ያነፁትን፣
ድንጋዩን ከሱሃ ድረስ በአህያ ያመላለሱትን።
ክረምት ዋልካው ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣
ግንቡ እንደ አፍ ተከፍቶ የጓሮ ጎመን ያሳያል።
በዚያ ስንጥቅ ዶሮ ሲወጣ ባይኔ አይቻለሁ፣
ይህን ግን አላልኳቸውም። ፈራሁ።

ሥራዬን ያዝሁ። ቋሚ በየስልሳ ሳንቲ፣ አግዳሚ በየመሃሉ፣
ብሎን በዲሪል ሲገባ እንደ ጢንዚዛ ነው ቃሉ።
ቢያድግልኝ አንዱን ቋሚ ከክምሩ በአንድ እጅ መዝዞ
ያቀብለኛል ወደ ላይ፣ በሌላው ሸንኮራ ይዞ።

አያ ሽባባው አልቀሩም፤ ማለዳ ማለዳ መጡ፣
በተገለበጠ ባልዲ ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ።
አንድ ቀን ቁራጭ አንስተው፣ እንደ ቅቤ ገዢ መዘኑ፣
ከፍ ዝቅ፣ ዝቅ ከፍ አርገው፣ ዓይናቸውን ከደኑ።

«የእድሩ ቃሬዛ ወይራ ነው፤ ባዶውን ያጎብጣል፣
ልጁ ሁሉ መተማ ነው፤ ማን ስምንት ሆኖ ይመጣል?
አትጠገብን ስንቀብር፣ ፍታት በሌለበት ቦታ፣
ሦስቴ ጭቃ ላይ አሳረፍናት፣ ትከሻችን ሲረታ።
አርባ ዓመት ያልተቀመጠች ሴት!»

ሌላ አልጨመሩም።

ከቤቱ በተረፈው ብረት ቃሬዛውን አበጀሁት፣
ሹሉን ጠርዝ በሞረድ ልጌ፣ አንቲረስት ቀባሁት።
«ልሞክረው» ብለው በቁማቸው ጋቢ ለብሰው ተጋደሙ፣
ሴቶች ከደጅ አማትበው፣ እጅ በአፍ ጭነው ቆሙ።

«አንሱኝ» አሉ። አራት ነበርን። አነሣን።
«እህ? እንዴት ነው?»
«ብረቱስ ቀሏል፣ አያ። እርስዎ ግን ከበዱ» አልኳቸው።
ዝም አሉ። ከጋቢው ሥር ተንቀጠቀጠ ሆዳቸው።

ሲወርዱ ወደ ቤቱ ሄደው በከዘራ ኳ አረጉት፣
ጆሮ ሰጡት ትንሽ። «ሰው ይግባበት» ብለው ተዉት።