ሲካፈል ለሃያ አራት

ጉንሳን፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ዝገትና ዓሣ ከሚሸትበት ሰፈር፣
ከወይዘሮ ፒዮ ሱቅ ቆምን፤ ሞኒተሩ ተደርድሮ እንደ አጥር።
ስምንት ወር የሌሊት ፈረቃ፣ ኑድል ስሸጥ ለሰካራም፣
ያጠራቀምኩት በፖስታ ነው፤ ሦስት መቶ ሺህ ዎን ቢሞላም ባይሞላም።

«ስልሳ ኸርዙ ለሒሳብ ሠራተኛ፤» አለች፣ በጣቷ ጫፍ ገፍታው፤
«መቶ አርባ አራት ለጀማሪ፤ ይሄ ሁለት መቶ አርባው ግን... ማን አለው?»
በሰከንድ ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ራሱን የሚያድስ መስታወት!
እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ አያቴ መነጽር ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱት።

ኖ ጊልሱ ይባላሉ አያቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
በወደቡ ሲኒማ ቤት፣ ከጣሪያ ሥር፣ ፊልም ሲያጠነጥኑ ዋሉ።
ቤቱ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤
ቀኙም ቢሆን ጋዜጣ ሲያነብ ከፊደል ፊደል ይዘልላል።

«በሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል፤» አሉ፣ «የኛ ይሄ ነበር ልካችን፤
ከሥዕል እስከ ሥዕል ጨለማ፤ መዝጊያዋ ስትዞር በመብራታችን።
ሰው ሁለት ሰዓት ፊልም አየሁ ብሎ ይወጣል፤
ከሁለቱ አንዱ የጨለማ ነው፤ ለጨለማውም ከፍሏል።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እሳቸው ግን እስክርቢቶ ተውሰው
ከካርቶን ጥግ ላይ አካፈሉ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ ደራርበው፦
«ስልሳ ለሃያ አራት ሲካፈል፣ ሁለት ተኩል፤ አይሆንም፤
ፊልም እንደ ሐብሐብ አይደለም፣ ሥዕል ለግማሽ አይቆረጥም።
መቶ አርባ አራት ግን ስድስት፤ ትራፊ የለው፣ ፍርፋሪ...»
«ሁለት መቶ አርባስ?» አለች፣ «አሥር እኮ ነው! ያለ ቀሪ!»
«እሱም ይካፈላል፤» አሉ፣ «ዋጋው ነው የማይካፈለው።»
ወደኔ ዞሩ። «ያንቺ ማሽን፣ በሰከንድ ስንት ነው የሚሰጠው?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዘጠና፤ ፍልሚያ ሲበዛ፣ ሰባ።»
«በጭልፋ ለሚቀዳ ሰው፣ በርሜል መሸከም ምን ሊረባ?»

መቶ አርባ አራቱን ገዛን። አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን አቀፍኩት፤
ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ካርቶኑን ቀድጄ ሰካሁት።
«ወይ ፍጥነት! ሐር እኮ ነው!» አልኩ። ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ።
«ስልሳን ዳግም ማየት አልችልም፣ ዓይኔን ያመኛል፤» ብዬ ማልኩ።

ሦስት ሳምንት። በአራተኛው፣ አያቴ ከኋላዬ ተቀምጠው፣
«ይሄ ስልሳ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው፣
የመንደሪን ልጣጭ ከጉልበታቸው አራግፈው።

ሳቅሁ። «ሞራ በጋረደው ዓይን?» እሳቸው ግን አልተቆጡም፤
«ቀስቷን በክብ ንጂያት፣ ቶሎ ቶሎ፤ ጥላዎቿን ቁጠሪ፤ አይበዙም።»

ቆጠርኩ። ሴቲንግ ገባሁ፤ ከታች፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል፣
ስልሳ። ማንም ሳይነካው፣ እንዳመጣነው ተቀምጧል።
ሦስት ሳምንት ያየሁት ሐር፣ ከገዛ አፌ የፈተልኩት ነበር፤
ዓይኔ ያላየውን መሰከረ፤ ስምንት ወር የተከፈለበት ነገር፣
አላየሁም ሊል እንዴት ይድፈር?

ቀየርኩት። ስክሪኑ ጠፋ፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል ጨለመ፤
በጨለማው ውስጥ እኔና እሳቸው፤ መንደሪኑ ከአፋቸው ደጅ ቆመ።
ተመለሰ። ቀስቷ ሄደች። «ስድስት፤» አሉ፣ ለራሳቸው፤
ሌላ አላሉም። ልጣጩን ሰብስበው ተነሡ፣ ወገባቸውን ይዘው።

በዚያ ሌሊት ተጫወትኩ። ከግንቡ ጥግ ብቅ ሲል ገዳዬ፣
እጁ፣ ጠመንጃው፣ የጫማው ማሰሪያ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ለዓይኔ፣
አየሁት፤ በደንብ አየሁት።
ጣቴ ግን ያው የድሮ ጣት ነው፤
ተሸነፍኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዴት እንደሆነ እያየሁት።