ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ነይ ማስተዋል፣ ተጠለይ፣ ሰኔ አይታመንም፤
ፈተናሽም አልቋል፣ ዛሬ ማንም መጥቶ «አጥኚ» አይልሽም።
ፒያሳ በረንዳው ሥር፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሳከራይ የኖርኩ ሰው ስሆን፣
ማን ምን እንደሚወድ በጫማው አውቃለሁ፤
ላንቺም አንድ አለኝ፣ ከታች ደብቄአለሁ።

ይኸው። ልባሱ የለም፤ በጆንያ ሰፋሁት ጀርባውን፣
ስሙን በእስክሪብቶ ጽፌ ነበር፤ ዝናብ በላው ግማሹን።
የደም መጣጭ ታሪክ፣ የቫምፓየር ነው፤ ሳቂ፤
ግን ከልቡ ሳትደርሺ እንዳትፈርጂው፣ አደራ ተጠንቀቂ።

ልጁ አሥራ ስድስቱ ነው፤ ብቻ አሥራ ስድስት ከሆነው ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፣
ሰዓቱ ቆሟል እንጂ ትምህርት ቤት ይሄዳል።
አስቢው እስቲ! ሦስት መቶ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል፣
ያው ብጉር፣ ያው የሚሰነጠቅ ድምፅ፣ ያው አልጀብራ፣ ያው ያልተገኘ ፊደል።
ጓደኞቹ ሲያገቡ፣ ሲያረጁ፣ ሲቀበሩ፣
እሱ ብቻ ቆሞ ከትምህርት ቤት በሩ።

ከተማው ሌላ ነው፤ በረዶ የሚጥል፣ ስሙ የሚያስቸግር፤
እኔ ግን ሳነበው እዚሁ ነው የማየው፣ ከፋሲል ግንብ ሥር፣
መሸት ሲል፣ ጎብኚው ሲወጣ፣ ዘበኛው ሲቆልፍ፣
ከድንጋዩ ጥላ ተነጥሎ በቀስታ ሲያልፍ፤
በጃንተከል ዋርካ የሌሊት ወፍ ሲነሳ፣
አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ወባ እንደያዘው ሰው፣ ሲወርድ ወደ ፒያሳ።

እናትሽ ብታገኘው «የቡዳ ነገር!» ብላ ትቆጣለች፤
ቅርብ ናት፤ መጽሐፉን ሳታነብ መጽሐፉን ታውቃለች።
እኔም በልጅነቴ አዘዞ ስንኖር፣
ማረሻ የሚያበጅ ጎረቤት ነበረን፤ «ማታ ጅብ ይሆናል» ይለው ነበር መንደር።
ቀን ማረሻችንን ተቀብለን ከእጁ፣
ማታ በር ተዘግቶ «እንዳያይህ!» ይባላል ለልጁ።
ማንም ግን አንድ ቀን በሩን አንኳኩቶ
«ብቻህን ነህ ወይ?» አላለውም ከቶ።
ይሄ መጽሐፍ ይላል።

እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ መሃሉ ይንዛዛል፤
ስለ ዓይኑ ቀለም ብቻ ስድስት ገጽ ይወስዳል፤
ዝለዪው። እኔም ዘልያለሁ። ተርጓሚውም የደከመው ይመስላል።

ደግሞ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት የለም፤
ማን እንደቀደደው አላውቅም፤ ሌባውን አልረግምም።
ከንፈሩ አንገቷ ላይ ሊደርስ ሲል፣ መብራት እንደጠፋ፣
ቁርጥ ይላል ነገሩ፤ ስንቱን አስከፋ!

እስከ አምና ድረስ።
አምና የዝና የምትባል፣ ከወለቃ የምትመላለስ፣
ቀጭን፣ ዝም ያለች ልጅ፣ ሦስት ቀን አቆይታ ስትመልስ፣
አንድ የደብተር ወረቀት በመርፌ ሰፍታበት፣
በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የጎደለውን ገጽ ጽፋበት።
ምን እንዳለች አልነግርሽም። ብቻ ልጁ አልነከሳትም፤
እንደምትጠብቂውም አልሳማትም።
ሁለት ጊዜ አነበብኩት ቆሜ፤ ኪራዩንም ረሳሁ፤
የባለቤቱን መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ በእሷ ገጽ ነው የማውቀው፣ በእሷ ነው የማነሳው።
ደራሲውን በለጠችው እሷ፤
ዘንድሮ አልመጣችም፤ የት እንዳለች የምታውቅ እሷው ራሷ።

በይ ያዢው። በቀን ሦስት ብር ነው፤ ዝናብ አታስነኪው፤
መብራት ከጠፋ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ፣ በስልክሽ ብርሃን አንብቢው፤
ከአንገረብ ማዶ ጅብ ቢጮህም፣ አትዝጊው።
የመጨረሻው ገጽ ሊገነጠል ነው፤ አንድ ክር ነው የያዘው፤
ቢወድቅብሽ አልቆጣም።

እርሳስ አለሽ?