ባዶ ቦታ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። መብራት ጠፍቷል፤
የላፕቶፑ ባትሪ አሥራ ሁለት በመቶ ይላል።
ኦብሳ የያዛት ጥያቄ ግን አልጠፋችም፦
«የምንሠራው ቋንቋ የትእዛዙን ወሰን በምን ይወቅ?
በቅንፍ ይታጠር፣ ወይስ ገባ ብሎ መጻፉ ይበቃዋል?»

እኔ አጥር አልወድም።
በዚህ መስኮት የሚታየኝ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤
ከአጥሩ ውስጥ ቤት የለ፣ ከቤቱ ውስጥ ሰው የለ፤
ቅንፍም እንደዚያው ነው፣ ተከፍቶ ተዘግቶ ምንም ሳይዝ የዋለ።
«ገባ ያለው የቤት ነው» አልኩት፣ «ወጣ ያለው የደጅ፤
ዓይን ላየው ነገር ምን ይሠራል አዋጅ?»

በዚያው ቋንቋ የብሎካችንን የውሃ ሞተር ጻፍኩለት፦

ታንከሩ ከሞላ፦
    ደወሉን ደውል
    ሞተሩን አጥፋ

የመጀመሪያዋን በአራት ባዶ፣ ሁለተኛዋን በታብ ገፍቻታለሁ፤
ለዓይን እኩል ናቸው።
ሞተሩን ለሚጠብቀው ለሶሬቻ በቴሌግራም ላክሁለት፤
መንገድ ላይ ታቧ ተበላች።
«አጥፋ» ወደ ግራ ተንሸራታ ደጅ ላይ ቆመች፣
ታንከሩ ሞላም አልሞላ ሞተሩን አጠፋች።

ሦስት ቀን ሙሉ ቢጫ ጀሪካን ደረጃ ወጣ።
ወይዘሮ አስካለች አምስተኛ ፎቅ ሊደርሱ ሲሉ አረፍ አሉና
«እስቲ ስሕተቱን አሳየኝ» አሉኝ።
ስክሪኑን አዞርኩላቸው።
ጣቴን የማሳርፍበት አጣሁ፤
የጎደለው ባዶ ነው።

ኦብሳ አልሳቀም። «አጥር ያስጠላል፣ ሲፈርስ ግን ይታያል» አለ።
ቆየት ብሎ ደግሞ ራሱ አፈረሰው፦
«ቅንፉ አንድ ይላል፣ ቅርጹ ሌላ፤
ሰው የሚያነበው ቅርጹን ነው፣ ማሽኑ ቅንፉን።
ሁለት ምስክር ካቆምክ ሲጣሉ ማንን ታምናለህ?»

ከአጎቱ ሣጥን ያየው አሮጌ የመሬት ውል ትዝ አለው፦
በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ፣
ባዶው እንዳይቀማ የቆመ ዘብ።
እንሞክረው አልን፦

ታንከሩ ከሞላ፦
፡ ደወሉን ደውል
፡ ሞተሩን አጥፋ

ይታያል። ይቆጠራል። ቴሌግራምም አይበላው።
ግን ለጣት ይከብዳል፤ ሦስት አራት ደጃፍ ሲገቡ
ገጹን ጉንዳን ይወረዋል።

ለጊዜው አራት ባዶ ብለናል። ታብ ክልክል።
ማሽኑ ጥርጣሬ ሲገባው ቆሞ ይጠይቅ እንጂ አይገምት።
ይህም ልክ መሆኑን አላውቅም።

መብራቱ መጣ።
ማዶ፣ ካልታጠረው ባዶ ቦታ፣
አንድ ሰው አጎንብሶ የወሰን ድንጋይ ይገፋል፤
አንድ እርምጃ ብቻ፣
ወደ ግራ።