የጠመኔ መስመር

ድልድያችን ጠባብ፣ ድንጋዩም ያረጀ፣
ከአሥራ ስምንት ቶን በላይ እንዳያልፍ የታወጀ፤
ምልክቱ ዝጓል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል፣
ከባድ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እሱን ያስባል።

ወንድሜ ጌቲን ግን የሚያስበው ሌላ ነው፤
እሱ ዛፉን እንጂ መንገዱን መች አየው?
ኦነን የምንለው ያ ግራጫ ዛፍ፣
በፓዊስ ሸለቆዎች በሽታ ገብቶበት ጀምሯል መርገፍ፤
ከጫፉ ይደርቃል፣ ግንዱ ቆሞ ሳለ፣
ውስጡ እንደ ብስኩት ነው፣ ፍርክስክስ ያለ።
ገመድ ታጥቀው ቢወጡት፣ አይታመንም ቅርንጫፉ፤
ጌቲን ግን አምኖት ነበር፣ ባለፈው መስከረም፣ እስከ ጫፉ።

ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤
«ዛፍ የሚያወርድ ክንድ፣» አለ፣ «ኤሉነድ፣ ከብረት ግዢልኝ።»

መጀመሪያ ያየነው፣ በኢድዋል ጋራዥ በር፣
ባለ አራት አክስል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ነበር።
«ከዚህ እስከ ሰማይ!» ይላል ኢድዋል፣ ሆዱን እያሻሸ፤
ክንዱን ሲዘረጋው የጎተራው ጥላ ሸሸ።
እኔ ድልድዩን አሰብኩ፣ ከዚያ የመንገዱን አጥር፤
እንዲህ ያለ ጌታ ከእኛ ቤት አያድር።

ሁለተኛው ትንሽ፣ ቀይ፣ ለሙሽራ የሚሆን፤
አጠገቡ ያለውን ግንድ አቀፈው እንደ ሕፃን።
«እስቲ አሁን ዘርጋው፣ ራቅ አድርገህ አንሣ፤»
የፊት ጎማው ከመሬት እንደ ፍየል እግር ተነሣ።
«በጉያው ጀግና ያልሆነ ክንድ የለም፣» አለ ጌቲን፤
«ጉልበቱን የምታውቂው ሲዘረጋ ነው እጁን።»

ሦስተኛው ከተራራው ወዲያ፣ ከመበለቷ ከኔስታ ግቢ፣
ጡብ ሲያመላልስ የኖረ፣ የለበሰ የአቧራ ጋቢ፤
አሥራ ስምንት ቶን፣ በድልድያችን ልክ፣
ክንዱ ከጋቢናው ኋላ እንደ ፌንጣ ጉልበት ብርክክ።
አሥር ሜትር ዘርግቶ ከቶን በላይ ያነሣል፣
ጀርባው ላይ ስምንት ቶን ግንድ ይጫናል፣
ይላል ወረቀቱ። ወረቀት ሁሉን ይሸከማል።

ጌቲን ጎማ አልረገጠም፣ ሞተርም አላዳመጠ፤
ከመደገፊያ እግሮቹ ስር ሳንቃ አስነጠፈ፣ አንድ ግንድ መረጠ።
ማንሻውን የያዘችው ኔስታ ነበረች፤ ግንዱ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል፣
«ሞተሩን አጥፊው፣» አላት። «አሁን ማንም አይንካው። ዝም እንበል።»
ከሲሊንደሩ በወጣው፣ ብር በሚመስለው ዘንግ ላይ፣
በጠመኔ መስመር አሰመረ፣ ወደ ውስጥ ይሸሽ እንደሁ ሊያይ።
«ሃያ ደቂቃ።»
            ዝናብ ጀመረ።
ኔስታ ዳቦና አይብ ይዛ መጣች፤
«ባሌ ለእኔ አበባ አንድ ቀን አልገዛ፣
ለእሱ ግን ግራሶ፣ በየቅዳሜው፤» አለች፤ ፊቷ ወዛ፤
ዝናብ ይሁን ሌላ አልጠየቅናትም።

እኛ ሁለት ቀረን፣ ግንዱም ከፊታችን፣
ዓመት ሙሉ ያልተነሣው ተነሣ ከመሃላችን።
«ያን ቀን፣» አልኩት፣ «ጤነኛ ነው፣ ውጣ ያልኩህ እኔ ነኝ።
በመዶሻ መታሁት፤ ድምፁ ደህና መሰለኝ።»
እሱ ዓይኑን ከጠመኔው ሳይነቅል፣
«እኔም መታሁት፣» አለ፣ «ካንቺ በፊት። ሰማሁት ባዶ ሲል።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»
                   ዳቦውን አላመጠ።
«ዋጋ ተዋውለን ነበር። ቀኑም አመለጠ።»

ሃያው ደቂቃ ሞላ። ቀርበን አየን መስመሩን፤
የፀጉር ያህል ሸሽቷል፣ ለቋል ቦታውን።
ጌቲን በጥፍሩ ለካው፤ «ይሄማ፣» አለ፣ «ዕድሜ ነው፤
ጎሚኒ ይቀየርለታል። ትንሽም የማይወርድ ማነው?»

ተከራከርን፣ የጎሚኒውን ዋጋ አስቀነስን፣
ሲመሽ ድልድዩ ጋ ደረስን።
ድንጋዩ ከስራችን ሲያጉረመርም ሰማሁ፤
ባዶ ይሁን ሙሉ፣ ከድምፁ መለየት ትቻለሁ።
ጌቲን ከጎኔ አንቀላፍቷል። በአንዱ ቁልፍ ዙሪያ፣
ሸሚዙ ላይ የጠመኔ አሻራ አለ፤ የሙከራ፣ የመጀመሪያ።