የአሥር ብር ትኬት

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ትኬት መቁረጥ ያዝኩኝ፣ ሦስት ዓመቴ ሊሆን።
አርብ ማታና ሰኞ፣ እንግሊዝ ሲተኛ፣
የፖላንድ ነው ያለው፣ ሌላ የለም ለእኛ።
ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ቁጥር ነው የሚታይ፤
ዜሮ ለዜሮ ነው፣ አንድ ይሆናል ወይ?
ያጊየሎኒያ ያልነው ‘ያጌ’ ሆኖ ቀረ፣
ሌጊያን ባለ ባጃጁ ‘ለጋው’ ብሎት ኖረ።
ኮሮና የሚባል ደግሞ ቡድን አለ፤
‘ኮሮና አሸነፈ!’ ሲል አንዱ እየዘለለ፣
በደጅ የምታልፍ ሴት በድንጋጤ ቆመች፣
ነጠላዋን ጎትታ አፏን ሸፈነች።

ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግር፣
የነሱ ዓመት ሲጀምር፣
ጋሽ ኅሩይ መጣ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በጡረታ የወጣ፣
ቀኝ ጆሮው ለማሽን ድምፅ ተገብሮ የቀረ፣
ካፖርቱ ከሱ በፊት ጡረታ የጀመረ።
ጣቱን ከሰሌዳው ግርጌ ላይ አሳረፈ፣
ከታች ካደገው ቡድን፣ በአናባቢ እጦት ስሙ ከተቆለፈ።
‘ይሄ ያሸንፋል በይልኝ፣ በአሥር ብር።’
‘ጋሼ፣ ገና ማደጉ ነው፣ ጨርሶ አይሞከር፤
ኦዱን ተመልከተው፣ ስድስት ነጥብ ሁለት…’
‘ቁረጪ፣ ልጄ፤ መች መጣሁ ለሒሳብ ትምህርት?’

ነሐሴ ተሸነፈ። መስከረም ተሸነፈ።
አንዴ በጥቅምት አቻ ወጥቶ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ።
ስንዴው ተከመረ፣ ገብሱም ተወቃ፣
የሱ ቡድን ነጥብ ለሁለት እጅ ጣት አልበቃ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ዝርዝሩ ጠፋ፤ በረዶ ነው አሉ፤
እስከ ጥር ማለቂያ ኳስ ሰቅለው ያርፋሉ።
እዚህም ውርጩ ባቄላውን ለበለበው።
ጋሽ ኅሩይ ጨዋታ ሳይኖር መጣ፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠው፣
ከወንበሩ ጫፍ ላይ በዝምታ ተቀምጦ
አንድ ነገር ነገረኝ፣ ቃሉን ቆርጦ ቆርጦ፦
‘ማሽኑን የተከለ አንድ ፈረንጅ ነበር፣
ከዚያ ከተማ የመጣ፣ ጢሙ እንደ ጭድ ክምር።
ስምንት ወር አብረን ሠራን፣ በቋንቋ ሳንግባባ፣
እሱ መፍቻ ሲጠይቅ እኔ ዘይት ይዤ ስገባ።
አንድ ሌሊት ሰንሰለቱ እጄን ሊበላው ሲል
በባዶ እጁ ያዘው። የሱ ጣት… ተይው፣ ልጄ፣ ይበቃል።
ደሙ እየፈሰሰ “ዶብዤ” አለኝ። ደህና ነው ማለት ነው።
ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም፣ ያለበትንም አላውቀው።
ከማሽኑ ጎን ሠላሳ ዓመት ያነበብኩትን ስም
ካንቺ ሰሌዳ ሳየው
እጅ የተነሣ መሰለኝ፣ አራት ጣት ብቻ ያለው።’

የካቲት ተመለሱ። ተሸነፉ።
መጋቢት። ሚያዝያ። ትኬቶቹ በካፖርቱ ኪስ ገዘፉ።
ግንቦት፣ ሦስት ጨዋታ ሲቀር፣ ሒሳቡ አለቀ፤
ከእንግዲህ ቢያሸንፍም መውረዱ ታወቀ።
‘ወረዱ እኮ፣ ጋሼ!’ አለ ምንተስኖት፣ ባለ ባጃጁ፣
ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ ሞባይሉ በእጁ።
ጋሽ ኅሩይ ግራ ጆሮውን አዞረ፤ አስደገመው።
‘ወረዱ?’
‘ወረዱ።’
ፈገግታ መሳይ ነገር ፊቱን ዳሰሰው።
‘አንተ የመንገድ ልጅ አይደለህ? በጣርማበር ስትወርድ፣
ከዋሻው ወዲያ ማዶ፣ መስኮት ከፍተህ ስትሄድ፣
መጀመሪያ ጉሙ ይለቅሃል፣ ቀጥሎ ብርዱ፤
ደብረ ሲና ቆሎው ይቀበልሃል፣ ሹራብህን አውልቀህ ከመንገዱ፤
ሸዋ ሮቢት ስትደርስ፣ ከሽንኩርቱ ማሳ ዳር፣ ላብህን ስትጠርገው…
ማን ነው በዚህ አገር መውረድን ለቅሶ ያደረገው?’
ምንተስኖት ዝም አለ። የሱ ባጃጅ
ከጠባሴ መነኻሪያ ነው፤ ጣርማበርን የት ያውቀው።

የመጨረሻው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፤
አሥሯን ብር አወጣ፣ እንደ ወትሮው፣ ማንንም ሳያማክር።
በሰባኛው ደቂቃ፣ አንድ ለአንድ ሳሉ፣
መብራት ጠፋ።
ልጆቹ ተሳድበው ወጡ፣ ወደየቤታቸው ሊገቡ።
እሱ ትኬቱን በጨለማ አጣጥፎ፣ ከሌሎቹ ጋር ከተተው።
‘ነገ እነግርሃለሁ’ አልኩት።
‘ተይው።’

አሁን ደግሞ ሐምሌ ነው። ቆርቆሮው ይጮኻል።
አዲስ ዝርዝር መጥቷል፤ ያ ስም ከላይኛው ሊግ ወጥቷል።
አለቃዬን ለምኜ ሁለተኛውን ገጽ አስከፈትኩ፣
ከግርጌ ጀምሬ በጣቴ ፈለግኩ፣
አጣሁት፤ ወደ ላይ ወጣሁ፣
መሐል ላይ አገኘሁት፣ አናባቢው አሁንም የለ።
ጋሽ ኅሩይ ገና አልመጣም።
ኦዱ ሁለት ነጥብ አንድ ነው።