ፈረቃ

አምስተኛው ትራንዚስተር ዛሬ ማታ ነደደ፤
ጭሱ ቀጭን ነበር፣ እንደ ድር ክር ቀጥ ብሎ
ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

በርበሬ ወንዝ፣ ኮምቦልቻ፣ የኪራይ ቤት፣ አንድ ክፍል፤
አንድ ካውያ፣ አንድ መልቲሜትር ወገቡ በፕላስተር የታሰረ፤
ሞተሩ ከተገጨ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የተፈታ ነው፣
ሻጩ «ይሠራል» ብሎ ደሴ ላይ ምሎልኝ ነበረ።
ይሠራል።
የማልሠራውስ እኔ ነኝ።

የድሮ ሞተር ካርቦን ነበረው፤
ካርቦኑ እየተፋቀ፣ ራሱን እየጨረሰ፣
ተራው የማን እንደሆነ በጣቱ እየዳሰሰ
ለየጥቅልሉ ድርሻውን ያደርስ ነበር፣ ማንም ሳይነግረው።
ይኼኛው ካርቦን የለውም።
ብልሃቱን ከሆዱ አወጡና ለጀማሪ ሰጡት፤
«በይ አንቺ ንገሪው» ብለው በሦስት ሽቦ ሸኙት።

ሦስት ሽቦ፣ ስድስት በር፤ ሦስቱ ላይ፣ ሦስቱ ታች።
ወረቀት ላይ ቀላል ነው፣ ቀስቱ ወዲህ፣ ቀስቱ ወዲያ፤
ጠረጴዛዬ ላይ ግን እግሩን እንደታሰረ በግ
አንዴ ይፈራገጥና ያጉረመርማል እዚያው እዚያ።
ከዚያ ዝም።
ከዚያ ያ ሽታ።

የላይኛው በር ቁልፉ ከጣሪያው በላይ ነው የሚሰቀል፤
ይህንን ያወቅሁት ሁለቱን ካቃጠልኩ በኋላ ነው።
ትንሽዬ ካፓሲተር ታች ሞልተሽ ላይ ይዘሽ ትወጫለሽ፣
ልክ እንደ ሰፈራችን ጀሪካን፤
ቧንቧው በሳምንት አንዴ ሲመጣ ያልሞላ
ዳገቱ ላይ ሲደርስ ጥሙ ነው የሚቀረው።

ከዚያ ደግሞ ሴንሰሮቹ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤
የሻጩ ቀለም ሌላ፣ የመጽሐፉ ቀለም ሌላ።
ስድስት ዓይነት አሰላለፍ ደብተሬ ላይ ጽፌ
አራቱን ሰርዣለሁ።

እናቴ ከመኝታዋ ተነሣች። ሃያ ሁለት ዓመት
ፈትል ክፍል የሠራች ናት፤ ጆሮዋን ማሽን ወስዶባታል፣
አፍንጫዋ ግን አለ።
«መዲና፣ ደግሞ ምን አቃጠልሽ?» አለች በጩኸት፣
ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ።
ነገርኳት፣ በእጄም በአፌም፤
ላይና ታች ያሉት በሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፣
ኤሌክትሪኩ ሞተሩን ትቶ በአቋራጭ ቁልቁል ወረደ፣
ሐረጎ ላይ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና።
ሳቀች።
«ጋሽ እብሬን ነው ያጣሽው።»

ጋሽ እብሬ የፋብሪካው ዘበኛ ነበር፤ በሩ አንድ፣ ፈረቃው ሦስት።
ማታ አራት ሰዓት ሳይረኑ ሲጮህ
ወጪው ለእንቅልፉ፣ ገቢው ለፊርማው ይጋፋል፤
አንድ ክረምት አንዲት ልጅ እዚያ መሀል ወድቃ
ክንዷ ተሰበረ።
ከዚያ ወዲህ ወጪው አልቆ ገቢው ሳይጀምር
በሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋና እስከ ሃያ ይቆጥራል፤
ማንም የማይወጣበት፣ ማንም የማይገባበት ሃያ።
«ዝናብ እየመታን» አለች እናቴ፣ «እንዴት እንረግመው እንደነበር!»

ኮዱን ከፈትኩ።
የላይኛው ሲዘጋ፣ የታችኛው ሳይከፈት፣
የሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ ዝግ፣ ባዶ፣
የማይረባ የሚመስል ጊዜ ጨመርኩበት፤
ስሙንም «እብሬ» አልኩት።

ስድስተኛውን ትራንዚስተር በየድኩ፤ የመጨረሻዬ ነው፣
ሌላ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ደመወዝ ይጠበቃል።
ሽቦውን ባትሪው ላይ ነካ አደረግሁ፣ ፊቴን ዘወር አድርጌ።

ዞረ።

እናቴ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ክር መበጠሱን ከማንም ቀድሞ ያውቅ በነበረው እጇ።
«ዞረ አይደል?»
«ወደ ኋላ ነው» አልኳት።
አልሰማችኝም። ይሁን፤ ሁለት ሽቦ ማለዋወጥ ነው፣ ነገ ይደርሳል።
ትራንዚስተሩን በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤
ሞቅ ብሏል፣ ያን ያህል ብቻ።